የጎሉ መረብ

(በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ «አሥር ደቂቃ አለሽ፣ ስለፈለግሽው ተናገሪ» ሲሉኝ ስለ ሙያችን አንድ ትልቅ ነገር የማቀርብ መስሏቸው ይሆናል። እኔ ግን የመጣሁት ስለ አንድ የኳስ መረብ ላወራችሁ ነው። ሳቁ፣ ግዴለም። እኔም መጀመሪያ ስቄ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤታችን እዚሁ ጎንደር ነው። ግቢያችን ሰፋ ስለሚል ልጄና የሰፈር ጓደኞቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ኳስ የሚጫወቱት እኛ ጋ ነው። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ከወሰደ ወዲህ ደግሞ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ዐፄ ሆኗል፤ ቀይ ማሊያ ያልለበሰ የለም። ሁለት የባሕር ዛፍ ቋሚ ተክለው፣ ከላይ አግዳሚ አስረው ጎል ሠሩ። ጎሉ የቆመው ግን በጎረቤታችን መስኮት ትይዩ ነው። ሁለት ጊዜ መስታወት ተሰበረ፣ ሁለት ጊዜ እኔ ከፈልሁ። ስለዚህ መረብ የግድ ሆነ።

ልጆቹ ከየት እንዳመጡት እንጃ፣ አንድ ያረጀ አጎበር ከጎሉ ጀርባ አሰሩ። ክረምቱን እንደ ምንም አለፈ። መስከረም ላይ ፀሐዩ ሲወጣ ክሩ ደረቀ፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ምት አዲስ ቀዳዳ ይከፍት ጀመር። ትንኝ ለመከልከል የተሠራ ክር የኳስን ጉልበት ከየት አምጥቶ ይቻለው! ልጄ «እማዬ፣ መረቡ ይቀየር» እያለ አላስቀምጥ አለኝ። አንድ ቅዳሜ ዕቃ ቤት ገብቼ ሳገላብጥ፣ ከቆየ የመስክ ሥራ የተረፉ ሁለት አጎበሮች ከነማሸጊያቸው አገኘሁ። «ጎንደር ደጋ ነው፣ ማን ይተኛበታል?» አልሁና አንዱን ከፍቼ ሰጠኋቸው።

ልብ በሉ፤ ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ፣ ሐኪሟ።

ግቢያችንን የሚጠብቁት ሰው የደምቢያ ተወላጅ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከእኔ ገፋ ያለ፣ ነገር የማያበዙ ሰው ናቸው። ልጆቹ አዲሱን አጎበር ሲያስሩ ቆመው አዩና ወደ እኔ መጡ።

«ዶክተር፣ ይሄ ለኳስ ነው እንዴ?»

«አዎ ጋሼ፣ ዕቃ ቤት ዝም ብሎ የተቀመጠ ነው።»

«አዲስ እኮ ነው። ሽታው ራሱ አልለቀቀም።» ትንሽ ዝም አሉ። «ልጆቼ አገር ቤት የሚተኙበትን ቢያዩት፣ ወንፊት ሆኗል።»

ሌላ ምንም አላሉም። ቁጣ የለ፣ ወቀሳ የለ። እኔ ግን የምገባበት ጠፋኝ። ዓመታት ሙሉ «አጎበር ተጠቀሙ» ስል የኖርሁ ሰው፣ በራሴ ግቢ የሚሠራ ሰው ልጆች በምን ሥር እንደሚተኙ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ያን ለሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ትዝ ያለችኝ አንዲት ታካሚ ናት። እንደተመረቅሁ የተመደብሁት ቆላ ውስጥ ባለ አንድ ጤና ተቋም ነበር። ወሩ ጥቅምት ነው፣ የወባ ወር። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር በቃሬዛ መጣች። ፋልሲፓረም ነው፣ ደሟም በጣም ወርዷል። ታሪኳን ስወስድ «አጎበር አላችሁ?» ብዬ ጠየቅሁ። «አለን» አለች። ካርዱ ላይ «አጎበር፦ አላት» ብዬ ጻፍሁ። እሷን አተረፍናት፤ ጽንሱን ግን አጣነው። ከሆስፒታል ስትወጣ ባሏ እንዲህ አለኝ፦ «አጎበሩማ አለ። አምና ጥጃ ረግጦ ቀዶታል እንጂ። እንዳለ ሰቅለነዋል።»

ውሸት አልነገረችኝም። እኔ ነኝ የማይረባ ጥያቄ የጠየቅሁት። «አላችሁ?» ማለት ቀላል ነው፣ ቅጹም የሚጠይቀው እሱን ነው። «ስንት ዓመቱ ነው? ስንት ቀዳዳ አለው? ማን ይተኛበታል?» ማለት ግን ሁለት ደቂቃ ይወስዳል። ያችን ሁለት ደቂቃ አልሰጠኋትም። ካርዷ እንደዚያው ተጽፎ ቀርቷል፤ እኔም እስከዚያ ቅዳሜ ድረስ ረስቼው ነበር።

በነጋታው አጎበሩን ከጎሉ አወረድነው። ደግነቱ አንድ ቀን ብቻ ስለዋለ አልተቀደደም። ሁለቱንም ወደ ደምቢያ ላክን። ልጄ አኮረፈ፤ «እና ጎላችንስ?» አለ። መልሱ የመጣው ከእኚያው ሰው ነው። በወጣትነታቸው ጎርጎራ ከዘመዶቻቸው ጋር ጣና ላይ ዓሣ ያጠምዱ ነበርና መረብ መሥራት ያውቃሉ። «ገመዱን ይግዙልኝ፣ ሌላውን ለኔ ይተዉት» አሉኝ።

ከቅዳሜ ገበያ ወፈር ያለ የናይለን ሲባጎ ገዛሁ። እሳቸው ከቀርከሃ መርፌ ጠረቡ፤ የቀዳዳው ስፋት እኩል እንዲሆንም አንድ ጠፍጣፋ እንጨት ቆርጠው መለኪያ አደረጉ። ልጆቹን ዙሪያቸው አስቀምጠው ቋጠሮውን አሳዩአቸው። እኔም ተማርሁ፤ ከቀዶ ጥገና ቋጠሮ ብዙም አይርቅም፣ ዋናው እንዳይንሸራተት ነው። ሁለት ሳምንት ፈጀ። የተቆረጠው የገመድ ጫፍ እንዳይፈታ በክብሪት ተለበለበ። ሲሰቀል ተወጥሮ ሳይሆን ላላ ብሎ ነው፤ የተወጠረ መረብ ኳሱን መልሶ ይወረውራል፣ ላላ ያለው ግን ይይዘዋል። ቋሚው ላይ በየስንዝሩ ታሰረ፤ ታችኛው ጠርዝ አሸዋ በሞላ ጆንያ ተያዘ። ይኸው እስካሁን አለ፤ የጎረቤታችንም መስኮት ደኅና ነው። የላላውን ቋጠሮ በየጊዜው የሚያጠብቁት ራሳቸው ልጆቹ ናቸው።

አሁን ወደ እኛ ልመለስ። ይህ ትምህርት ቤት ለምን እዚህ ከተማ እንደተከፈተ ሁላችንም በመጀመሪያው ዓመት ሰምተናል፤ ግን እንረሳዋለን። እ.ኤ.አ. በ1953 ደምቢያ ላይ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ጨረሰ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1947 ዓ.ም.፣ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከሉ ጎንደር ላይ ተከፈተ፤ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን በቡድን እያሠለጠነ ወደ ገጠር ላከ። የሕክምናው ፋኩልቲ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ ያኔ ከላይፕዚግ የመጡ መምህራን ያገለገሉበትን ዘመን የሚያስታውሱ አንጋፋዎች ዛሬም መካከላችን አሉ። ስለዚህ እኛ የሐኪም ካባ ከመልበሳችን በፊት ይህ ቤት የወባ ልጅ ነበር።

«ደጋ ነን» የምንለውም ነገር አያዋጣም። እ.ኤ.አ. በ1958 የተነሣው ታላቁ ወረርሽኝ የመታው ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ያለውን አገር ነው። ሦስት ሚሊዮን ሰው እንደታመመና 150,000 ሰው እንደሞተ ተገምቷል። ጎንደር ከተማ ራሷ ከ2,100 ሜትር ብዙም አትበልጥም። ከዚያም በላይ ያለው የዳባትና የደባርቅ ገበሬ ቢሆን፣ ሰሊጥ ሊያርምና ሊያጭድ መተማ ወርዶ ሜዳ ላይ ያድራል፤ ሲመለስ ወባውን ይዞ ይመለሳል። ቅርቡንም እናውቃለን፦ እ.ኤ.አ. ከጥር 2024 እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ ብቻ በአገራችን ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል። መንገድ ሲዘጋና ሰላም ሲጠፋ ደግሞ አዲሱ አጎበር በጊዜው አይደርስም፤ አሮጌው ዕድሜው ካለፈ በኋላም ይሰቀላል።

ስለዚህ ለተግባር የሚሆን ጥቂት ነገር ልጨምር፤ ለምታውቁት ማስታወሻ፣ ለረሳችሁት ደግሞ ትምህርት ይሁን። ኬሚካል የተነከረው አጎበር የሚለካው በሦስት ዓመት አገልግሎትና በ20 እጥበት ነው። አዲሱ ከማሸጊያው ሲወጣ አንድ ቀን ጥላ ውስጥ ይናፈስ። ቢበዛ በሦስት ወር አንዴ፣ በለስላሳ ሳሙናና በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠብ፤ ሲደርቅም ጥላ ላይ እንጂ ፀሐይ ላይ አይሁን። የእጥበቱ ውኃ ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ አይደፋ፤ ኬሚካሉ ዓሣ ይገድላል፣ የጣና ሰው ይህን ማወቅ አለበት።

መቀየር ያለበት መቼ ነው? ቀላል ቆጠራ አለ። አውራ ጣት የማያሳልፍ ቀዳዳ 1 ነጥብ፣ አውራ ጣት የሚያሳልፍ 23፣ ቡጢ የሚያሳልፍ 196፣ ራስ የሚያሳልፍ 576። ድምሩ እስከ 64 ከሆነ አጎበሩ ደኅና ነው። ከ642 ካለፈ ግን በቃው፣ ይቀየር። ቡጢ የሚያሳልፍ ሦስት፣ አውራ ጣት የሚያሳልፍ ሦስት ቀዳዳ ካለው ብቻ 657 ሆነ ማለት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው በመርፌና በክር ይጠገን። አዲስ እስኪመጣ ግን አሮጌውን አታስጥሉ፤ ከባዶ አልጋ የተቀደደ አጎበር ይሻላል። በእርግጥ ያበቃለትን አጎበር ለዶሮ ቤት መጋረጃ ወይም ለጎል ቢያደርጉት ሰውን አንቆጣ። አታቃጥሉት፣ ውኃ ውስጥ አትጣሉት ማለት ይበቃል። ጥፋቱ የእኔ ዓይነቱ ነው፤ ገና የሚያገለግለውን ለጨዋታ ማዋል።

አዎ፣ አጎበር ብቻውን ወባን አያጠፋም። የእኛዋ ትንኝ ከመኝታ በፊት ውጭም ትናከሳለች፤ የቆየውን ኬሚካልም እየለመደችው ነው። ለዚህም ነው እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም ጤና ድርጅት ክሎርፌናፒር የተጨመረባቸውን አዳዲስ አጎበሮች የመከረው። ግን የትኛውም ዓይነት ቢመጣ ሦስት ዓመቱ ይሞላል፣ ጥጃም ይረግጠዋል። ማደል አንድ ቀን ነው፤ ፎቶም ይነሣል፣ ሪፖርትም ይጻፋል። መቀየር ግን ማንም ፎቶ የማያነሣው ሥራ ነው።

ከእናንተ የምፈልገው ትንሽ ነው። መምህሮቻችን፣ ተማሪዎቹ ታሪክ ሲወስዱ «አጎበር አላችሁ?» ብለው እንዳያቆሙ አስተምሩልኝ። በሥራ ላይ ያላችሁ፣ ነገ ከቆላ ለሚመጣው የመጀመሪያ ታካሚ ሦስቱን ጥያቄዎች ጠይቁ፦ ስንት ዓመቱ ነው? ስንት ቀዳዳ አለው? ማን ይተኛበታል? ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ለቤተሰብ ስትደውሉ እነዚህኑ ጠይቁ። ሁላችንም ዛሬ ማታ ቤታችን ስንገባ፣ በሩን የሚከፍትልንን ሰው ልጆቹ በምን ሥር እንደሚያድሩ እንጠይቅ። እኔ ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ሐኪም ሆኜ ብዙ ዓመት፣ ሁለት መስታወትና አንድ የጎል መረብ ፈጅቶብኛል።

ባለፈው ኅዳር ከደምቢያ ወሬ መጣ። «ልጆቹ ዘንድሮ አልታመሙም» አሉኝ። በአንድ ዓመትና በአንድ ቤት ምንም ማረጋገጥ እንደማይቻል እኛ ሐኪሞች እናውቃለን። እኔ ግን ደስ አለኝ።