የቴሌፎን ኩባንያዎችና የኢንተርኔት መንገድ
(በትምህርት ቤታችን የክርክር ማኅበር ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ዛሬ የምንናገርበት ጉዳይ በአሜሪካ ከ20 ዓመት በላይ ያከራከረ ነው። ይኸውም የቴሌፎን ኩባንያ በመስመሩ የሚያልፈውን የኢንተርኔት መልእክት በላኪው እየለየ፤ ለከፈለው ፈጣን፤ ላልከፈለው ዘገምተኛ መንገድ ሊሰጥ ይገባዋልን? የሚል ነው። ዓመቶቹን የምንጠራው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ነገሩ አዲስ ቢመስልም አዲስ አይደለም። በ1860 የአሜሪካ ምክር ቤት ወደ ፓስፊክ ጠረፍ ስለሚዘረጋው ቴሌግራፍ ሕግ ሲያወጣ፤ ከመንግሥት መልእክት በቀር የማንም ሰው ቴሌግራም ያለ አድልዎ በደረሰበት ተራ እንዲተላለፍ አዝዞ ነበር። ቴሌፎን ከመጣ በኋላም ስትሮጀር የሚባል የካንሳስ ሲቲ ቀብር አስፈጻሚ፤ የቴሌፎን አገናኟ ደንበኞቼን ወደ ተወዳዳሪዬ ትመራብኛለች ብሎ ተቈጣ ይባላል። ወሬው እውነት ይሁንም አይሁንም፤ ሰውዬው ያለ አገናኝ የሚሠራውን አውቶማቲክ ማገናኛ ፈጥሮ በ1891 የፈጠራ መብት አግኝቶበታል።

በኢንተርኔት መስመር ላይ አገናኝ የለችም፤ ሆኖም መሣሪያው ማን ምን እንደሚልክ ለይቶ ሊያዘገይ ወይም ሊዘጋ ይችላል። ማዲሰን ሪቨር የተባለው የሰሜን ካሮላይና የቴሌፎን ኩባንያ፤ ቮኔጅ በኢንተርኔት የሚሰጠውን የቴሌፎን አገልግሎት ዘግቶ ነበር። ምክንያቱን መገመት አይከብድም፤ ራሱም ቴሌፎን ሻጭ ነበርና! የፌዴራሉ የመገናኛ ኮሚሽን በ2005 መዝጋቱን እንዲተውና 15,000 ዶላር እንዲከፍል አስማማው። በዚያው ዓመት የኤስ.ቢ.ሲ. ኩባንያ አለቃ ኤድዋርድ ዊታከር፤ እንደ ጉግል ያሉ ድርጅቶች በመስመራችን በነጻ ሊጠቀሙ አይገባም ሲሉ ተናገሩ።

እኒህን ሰዎች በደፈናው ልንኰንናቸው አንወድም። መስመር መዘርጋት ብዙ ገንዘብ ይፈጃል። ብዙ የሚጠቀም ደንበኛ ብዙ ቢከፍል፤ ፍጥነት የፈለገም ዋጋ ቢጨምር ተቃውሞ የለንም፤ የውሃ ቈጣሪም የሚሠራው እንደዚሁ ነው። የማንስማማው ተቀባዩ ዋጋውን ከከፈለ በኋላ ላኪውም ለመንገዱ ክፈል ሲባል ነው። ትልቁ ድርጅት ይከፍልና ወጪውን ከደንበኞቹ ይሰበስባል። አዲስ ነገር የሚጀምሩ ሁለት ተማሪዎች ግን ከየት ያመጣሉ? ያ ባለጸጋው ጉግል እንኳ በ1998 የተቋቋመው በሁለት ተማሪዎች እጅ ነው። ደግሞም ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም፤ በአሜሪካ ላሉት ዘመዶቻችን የምንልከው ድምፅና ሥዕል በመጨረሻ የሚያልፈው በእነዚሁ መስመሮች ነው።

ሕጉ ግን አልረጋም። በ2014 ቬሪዞን ባቀረበው ክስ ፍርድ ቤት የኮሚሽኑን ደንብ ዋና ክፍል አፈረሰ፤ ኢንተርኔትን እንደ ቴሌፎን ያለ የሕዝብ ማመላለሻ ነው ሳትሉ የማመላለሻን ግዴታ ልትጭኑበት አትችሉም በማለት። ኮሚሽኑም በ2015 እንደ ቴሌፎን ነው ብሎ በ3 ለ 2 ድምፅ ወሰነ፤ በ2017 በ3 ለ 2 ሻረው፤ በ2024 ደግሞ በ3 ለ 2 መለሰው። ይህን ያህል ነገር በአንድ ሰው ድምፅ ወዲያና ወዲህ ሲል ማየት ያስገርማል። በ2025 መጀመሪያ ሌላ ፍርድ ቤት ኮሚሽኑ ይህን ለመወሰን ሥልጣን የለውም ብሎ አፈረሰው።

ካሊፎርኒያ ግን በ2018 አድልዎን የሚከለክል የራሷን ሕግ አውጥታለች። ኩባንያዎቹ እንዲታገድላቸው ቢጠይቁም ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2022 አልተቀበላቸውም።