ማመልከቻችሁም ምስክርነት ነው

ዛሬ የምናገረው ተመርቀው ሥራ ለሚፈልጉ፣ በተለይም በዩኒቨርሲቲ ለምርምር ሥራ ለማመልከት ለሚዘጋጁ ወጣቶቻችን ነው። ወላጆችም ስሙኝማ፤ ጉዳዩ እናንተም ቤት አለ።

አንዲት እህት ከእሑድ አምልኮ በኋላ ክላሰሯን ታቅፋ መጣች። አንድ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ረዳት ሊቀጥር ማስታወቂያ አውጥቷል፤ የ2 ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። እርሷ ያላት የ8 ወር ነው። አንድ የምታውቀው ሰው፣ "ማኅተም ያለበት የልምድ ደብዳቤ አጽፍልሻለሁ፤ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው" ብሏታል። "ፓስተር፣ ልጸልይበት?" አለችኝ። "የለም እህቴ፣ የዚህስ መልሱ የታወቀ ነው። ይልቅ እንድትጸኚ ጸልዪ" አልኳት።

ለምን? እስቲ አስቡት። ተመራማሪ የሚቀጠረው ያየውን እንዳየው እንዲጽፍ ነው። 10 ቤት ጠይቆ 20 ብሎ የሚሞላ ሰው ምን ይሠራል? እርሱ በሞላው ቁጥር ላይ ሐኪሙ መድኃኒት ያዛል፣ ገበሬው ዘር ይመርጣል። በሐሰት ደብዳቤ የገባ ሰው ሥራውን ገና በሩ ላይ አፍርሶታል።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ፣ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ። ቢልሃርዚያ ወደ ሰው የሚደርሰው በቀንድ አውጣ በኩል ነው። ሌላው አይቶ ያለፈውን እሳቸው ቆመው ጠየቁ፣ ፈተኑ፣ መዘገቡ። ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት የተቀበሉት በ1989 ነው፤ ከ25 ዓመት በኋላ! ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስማቸው የሚጠራ የምርምር ተቋም አለ።

ታዲያ ምን እናድርግ? ማስታወቂያውን ደጋግማችሁ አንብቡ፤ በተጠየቀው ነጥብ ሁሉ ያላችሁን ብቻ ጻፉ። ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ መጠይቅ ከበተናችሁ "መጠይቅ በትኛለሁ" በሉ፤ "ጥናት መርቻለሁ" አትበሉ። በቡድን የሠራችሁትን "በቡድን" በሉት። የትምህርት ክፍሉ መምህራን ያሳተሙትን አንብቡና፣ የእናንተ ጥያቄ ከሥራቸው ጋር የት እንደሚገናኝ በአንድ አንቀጽ አስረዱ። መምህራችሁን ስለ እናንተ እንዲመሰክር ስሙን ከመጻፋችሁ በፊት አስፈቅዱት። ኦሪጅናል ማስረጃችሁንም ይዛችሁ ቅረቡ።

ያቺ እህትስ? 8 ወሩን 8 ወር ብላ አመለከተች። ከተመረጡት ውስጥ ስሟ አልወጣም። አለቀሰች፤ እኔም አብሬያት አዘንኩ። አሁንም ሌላ ቦታ እያመለከተች ነው። እውነት የተናገረ ሁሉ በማግስቱ ይቀጠራል ብዬ አልዋሻችሁም። ነገር ግን አንድ ቀን ስትቀጠር፣ ማስረጃ ይጣራ በተባለ ቁጥር ልቧ አይደነግጥም። አባቶቻችን "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" ይላሉ። ጌታችንም በጥቂቱ ስለ መታመን ሲያስተምር፣ ይህችን አንዲት ወረቀት አልተዋትም።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ያለ ሥራ ቤት ሲውል "እንደ ሰው አትሆንም ወይ?" ብላችሁ ወደ ሐሰት አትግፉት። ለፎቶ ኮፒና ለትራንስፖርት ከኪሳችሁ ጨምሩለት፤ አብራችሁትም ተንበርከኩ።

ጌታ ይባርካችሁ። አሜን።