ጋዜጣና ባለጸጋ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተነገረ)



አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። ጋዜጣ ለሕዝብ እንደ ምንጭ ነውና፣ ከመጠጣታችን በፊት ምንጩ በማን ደጅ እንደሚፈልቅ መጠየቅ ይገባናል።

በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት፣ ወንጌል ይዘው የመጡ ባለሙያ ሚስዮናውያን በዐፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ «ሴባስቶፖል» የተባለውን ታላቅ መድፍ ሠሩ። ሙያው የእነርሱ ነበር፤ የሚሠራውን የመረጠው ግን ቀለባቸውን የሚሰፍርላቸው ንጉሥ ነበር። የጋዜጠኛም ብዕር ከዚህ ፈተና አያመልጥም።

በአገራችን «ብርሃንና ሰላም» በ1917 ዓ.ም. የወጣው አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ባቋቋሙት ማተሚያ ቤት ነበር። «አዲስ ዘመን»ም ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ነው። ሁለቱም ዕውቀትን አስፋፍተዋል፤ ባለቤታቸውን እንዲነቅፉ ግን አልተቋቋሙም። የ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ ለግል ጋዜጦች በር ከፈተ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 29 የቅድሚያ ምርመራን ከለከለ። ሆኖም ብዙዎቹ የግል ጋዜጦች የሚታተሙት በመንግሥት ማተሚያ ቤት ነበርና፣ በ2004 ዓ.ም. ማተሚያ ቤቱ ሕግ ይጥሳል ብሎ ያሰበውን ጽሑፍ አላትምም እንዲል የሚያስችለው ውል አቀረበላቸው። ሕግ የፈታውን ብዕር የማተሚያው ባለቤት መልሶ ሊያስረው ይችላል ማለት ነው።

«ባለቤቱ ባለጸጋ ቢሆንስ?» የሚል ይኖራል። ጄፍ ቤዞስ የተባለው አሜሪካዊ ባለጸጋ «ዋሽንግተን ፖስት»ን በ2013 እ.ኤ.አ. በ250 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በ2024 እ.ኤ.አ. ምርጫ ሲቃረብ አዘጋጆቹ ለአንዲት ዕጩ ያሰናዱት የድጋፍ ጽሑፍ በእርሱ ውሳኔ ሳይወጣ ቀረ። እርሱ ይህን ያደረግሁት ጋዜጣው እንዲታመን ነው ቢልም፣ በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ አንባቢዎች ደንበኝነታቸውን አቋረጡ።

ባለገንዘብ ዘወትር መከልከል አያሻውም፤ ጸሐፊው እንጀራውን እያሰበ ራሱ ብዕሩን ያለዝባል። ማስታወቂያ የሚሰጥ ነጋዴም ኃይሉ ይኸው ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የጋዜጣው ባለቤት ማን እንደ ሆነ ለአንባቢ ይገለጽ፤ አዘጋጁ ከባለቤቱ ትእዛዝ የሚጠበቅበት ደንብ ይጻፍ። ከሁሉ በላይ ግን አንባቢው ዋጋውን ይክፈል። ዕድራችን ሁሉ ስለሚያዋጣ ማንም ብቻውን አያዝበትም። ጋዜጣም በአንድ ሰው ከረጢት ከቆመ ለአንድ ሰው ያድራል፤ በብዙዎች ሳንቲም ከቆመ ግን ለብዙዎች ይናገራል።

ጓደኞቼ ሆይ፣ ነገ ደመወዝ ስንቀበል ከዚያ ላይ የጋዜጣ ዋጋ እንቍረጥ። እውነትን በነጻ የሚሻ ሕዝብ፣ ሌላው የከፈለበትን ቃል ይሰማል።