ግዴታና የግል ደስታ በተጋጩ ጊዜ
(በደቡብ ጎንደር ለሚሠሩ ባለሥልጣኖችና የዕርዳታ ሠራተኞች የቀረበ ንግግር)



በድርቅ አካባቢ ለሚሠራ ሰው «በጎ ምግባር» የሚለው ቃል በየስብሰባው ስለሚነገር ጆሮ እየለመደው ይሄዳል። ከቃሉ በስተጀርባ ያለው ጥያቄ ግን እንዳለ ነው። መልካም መሥራት ለሠሪው ደስታ ሲያመጣለት ማንም ምክንያት አይጠይቅም። የራስን ደስታ፣ የቤተሰብን ምቾት፣ አንዳንዴም እንጀራን የሚያሳጣ ሲሆን ሰው ስለ ምን ብሎ መልካሙን ይመርጣል? ይህ የክፉ ሰው ጥያቄ አይደለም። ደመወዙ የዘገየበት የመጋዘን ጠባቂ፣ ልጁ የታመመችበት መዝጋቢ በሌሊት ራሱን የሚጠይቀው ነው። ስለዚህ በተግሣጽ ብቻ ሊታለፍ አይገባውም።

ነገሩን ከሚዛኑ መጀመር ይቀላል። በእብናት፣ በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንትና በስማዳ ወረዳዎች እንደ ሌላውም የአገሪቱ ክፍል የዕርዳታ እህል ሲታደል ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ የተለመደ ልክ ሆኖ ቆይቷል። ከእያንዳንዱ ድርሻ ግማሽ ኪሎ ብትጎድል ዓይን አይለያትም፤ ሚዛኑ አርጅቷል፣ ጆንያው ተቀድዷል፣ ነቀዝ በልቶታል ይባላል። ከ200 ሰው ላይ የተቀነሰው ግን አንድ ሙሉ ኩንታል ይሆናል። ኩንታሉ ደብረ ታቦር ገበያ ቢደርስ የአንዲት ሕፃን መድኃኒት ይገዛል፤ የተበደለም ሰው ያለ አይመስልም። ሒሳቡ በተቀባዩ በኩል ሲሠራ ሌላ መልክ ይይዛል። 15 ኪሎ ለ30 ቀን ሲካፈል ለቀን የሚደርሰው ግማሽ ኪሎ ነው። የሚዛን ስሕተት የምትመስለው ጉድለት እንግዲህ የአንድ ሰው የአንድ ቀን ምግብ ናት። የተሸጠው ኩንታልም 200 የጾም ቀን ነው፤ ያውም ማንም ያላወጀው ጾም።

ለመጋዘን ጠባቂው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር «መልካም የሠራ በስተመጨረሻው ይጠቀማል» የሚል ነው። በደኅና ዘመን ይህ ሊስማማ ይችል ይሆናል፤ በድርቅ አገር ግን ዓይን የሚያየውን ይቃረናል። ዘሩን ለጎረቤቱ አካፍሎ በክረምቱ ማሳው ጦም የሚያድርበት ገበሬ አለ፤ ዘሩን ደብቆ የሚያመርትም አለ። ይህ እውነት ከአካባቢው ሊቃውንትም አልተሠወረም። በእንፍራንዝ እንደ ኖረ የሚነገርለት የዘርዐ ያዕቆብ ሐተታ፣ በዚህ ዓለም ክፉዎች ደስ ብሏቸው ደጋጎች ሲያዝኑ እንደሚታይ ሳይሸሽግ ያስቀምጣል፤ ፍርድ በምድር ስላልተፈጸመ ከሞት በኋላ የሚፈጸምበት ሕይወት ሊኖር ይገባል ወደሚል መደምደሚያም ይደርሳል። (መጽሐፉ የ17ኛው መቶ ዓመት ሊቅ ሥራ ነው ወይስ በ19ኛው መቶ ዓመት በበጌምድር ተቀምጦ የነበረው የኢጣሊያዊው መነኩሴ የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚለው ክርክር፣ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 ካስነሣው ወዲህ አልበረደም። ያም ሆነ ይህ መጽሐፉ ከዚህ አገር አፈር አልራቀም።) ከዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው፣ ጸሐፊው ደግ ሰው በዚህ ዓለም ያተርፋል ብሎ አለመዋሸቱ ነው። ተስፋውን ያኖረው በፈጣሪ ፍርድ ላይ ነው። ይህን ተስፋ የያዘ ሠራተኛ ብርቱ ድጋፍ አለው፤ ነገር ግን ልዩ ልዩ እምነት ያላቸው ሰዎች አብረው በሚቆሙበት ሚዛን ላይ ለሁሉም እኩል የሚታይ ምክንያት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ምክር «ይታወቅብሃል» የሚለው ነው። ፕላቶን ስለ አንድ የልድያ እረኛ ቀለበት ጽፏል፤ ቀለበቷን ወደ ውስጥ ያዞረ ሰው ከዓይን ይሠወራል፣ የፈለገውንም ቢያደርግ የሚያየው የለም። ለዕርዳታ ሠራተኛ ይህ ተረት አይደለም። ከወረዳው ከተማ የአንድ ቀን መንገድ በራቀ የቆላ ቀበሌ፣ ማንበብ የሚችል ሰው በጠፋበት ቦታ፣ መዝገቡን የያዘው ሰው ቀለበቷን በጣቱ አጥልቋል። አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ የሚፈርመው ገበሬ ከጣቱ በላይ ምን ቁጥር እንደ ተጻፈ አያውቅም።

ሁለቱም ምክሮች የሚወድቁት በአንድ ምክንያት ነው። «መልካም ባደርግ ምን አገኛለሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን በራሱ ልብ ውስጥ ይፈልጋል። ግማሽ ኪሎዋን ላለመውሰድ ያለው ምክንያት ግን በጠባቂው ልብ ውስጥ አይገኝም፤ በተቀባይዋ ስልቻ ውስጥ ነው ያለው። ከስማዳ ቆላ በሌሊት ተነሥታ የመጣች እናት ረኃብ፣ ጠባቂው ደስ ስላለው ወይም ስለ ከፋው አይጨምርም፣ አይቀንስምም። የጠባቂው ችግር እውነተኛ ነው፣ ሊቈጠርም ይገባል፤ ሆኖም የእርሷ አንድ ጊዜ እንደሚቈጠር የእርሱም የሚቈጠረው አንድ ጊዜ ነው። የእርሱ ቀን ከእርሷ ቀን ይከብዳል የሚል ካለ የሚከብድበትን ማሳየት አለበት፤ የራሱ ከመሆኑ በቀር ግን የሚያሳየው ነገር አያገኝም።

ይህ ክርክር በዚህ አገር በወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም። በሚያዝያ 1977 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር በስተሰሜን በምትገኘው በእብናት መጠለያ የነበሩ በአሥር ሺሕ የሚቈጠሩ ረኃብተኞች በግድ ተባርረው በእግራቸው ወደየመንደራቸው እንዲሄዱ ተደረገ፤ ጎጆዎቹም ተቃጠሉ። ከተባረሩት መካከል ሕመምተኞችና መራመድ የተሳናቸው ነበሩ። ወሬው በዓለም በተሰማ ጊዜ መንግሥት ጥፋቱን በአካባቢው ባለሥልጣኖች ላይ አደረገ። ትእዛዝ ከአንድ አፍ ሊወጣ ይችላል፤ ያን ያህል ሕዝብ ለማንቀሳቀስ ግን ብዙ እጅ ይጠይቃል። ከእነዚያ እጆች እያንዳንዱ ደመወዝ፣ ቤተሰብና ፍርሃት ነበረው። በቦታው የነበሩ የውጭ አገር ዕርዳታ ሠራተኞች ያዩትን ተናገሩ፤ ለእነርሱ የመናገር ዋጋ ቢበዛ ከአገር መባረር ነበር። በ1978 ዓ.ም. የሠፈራውን አፈጻጸም በይፋ የተቃወመው የፈረንሳይ «ድንበር የለሽ ሐኪሞች» ቡድን የደረሰበት ይኸው ነው። ለኢትዮጵያዊው ባልደረባቸው ግን በዚያ ዘመን ዋጋው ከዚህ እጅግ የከበደ ነበር። ስለዚህ ዛሬ በሰላም ወንበር ላይ ተቀምጦ በዚያን ጊዜ ዝም ባለው ሁሉ ላይ መፍረድ ቀላል ቢሆንም ፍትሕ አይደለም። ዝም ማለትና ክብሪት መጫር ግን አንድ አይደሉም፤ ፍርሃት የመጀመሪያውን ያስረዳ እንደ ሆነ ሁለተኛውን አያጸድቅም።

እዚህ ላይ የግዴታ ወሰን የት እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። ፈላስፋው ፒተር ሲንገር እ.ኤ.አ. በ1972 የምሥራቅ ቤንጋልን መከራ ምክንያት አድርጎ ባሳተመው ጽሑፍ፣ ተመጣጣኝ ዋጋ ያለው ነገር ሳያጣ ትልቅ ክፉ ነገርን ማስቀረት የሚችል ሰው ሁሉ ይህን የማድረግ ግዴታ አለበት ይላል፤ ልብሱ እንዳይበላሽ ብሎ በኩሬ የምትሰጥምን ሕፃን የሚያልፍ አላፊ አግዳሚ ምሳሌው ነው። ክርክሩ ብርቱ ነው። በረኃብ ቦታ ለተመደበ ሠራተኛ ግን ኩሬው ዘወትር በፊቱ ስለሆነ፣ ቃል በቃል የወሰደው እንደሆነ ምሳውንም መብላት አይችልም። ሦስት ወር ያለ ዕረፍት ሠርቶ በአራተኛው የሚወድቅ ሐኪምም ለማንም አይጠቅምም። የሌላውን ግማሽ ኪሎ አለመውሰድ ዕዳ ነው፤ የራስን ግማሽ ኪሎ መስጠት ስጦታ ነው። ሁለቱ በአንድ ስም ሲጠሩ፣ መስጠት ያቃተው ሰው ዕዳውንም የሚተውበት ሰበብ ያገኛል።

ዕዳውን ማቅለል ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ ፋንታ ነው። ደመወዝ አዘግይቶ ታማኝነትን የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት፣ ራሱ ሊሸከመው የሚገባውን በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ይጭናል። ሚዛኑን ሁለት ሰው ቢይዘው፣ የተመዘነውም ቁጥር በተቀባዩ ፊት ጮክ ተብሎ ቢነበብ የእረኛው ቀለበት ከጣት ይወልቃል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጠቃሚዎቹን ኅብረተሰቡ ራሱ እንዲመርጥና ዝርዝሩም በግልጽ እንዲታወቅ ማድረጉ ከዚህ አንጻር መልካም እርምጃ ነበር። እርግጥ ነው፣ በኮሚቴው ውስጥ የተቀመጠው ገበሬ የወንድሙን ስም ማስቀረት ሲገባው የሚደርስበትን ቅያሜ ማንኛውም መመሪያ አያስቀርለትም። በሚቀጥለው ሰንበቴ ከዚያው ወንድሙ ጋር ይቀመጣል።

የሠፈራ ጉዳይ ከሁሉም የሚከብድ ነው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ መተከል፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦርና ወደ ሌሎችም ቦታዎች ሲወሰድ ብዙዎች በፈቃዳቸው አልሄዱም፤ ለየአካባቢው የተመደበ ኮታ መሙላት ነበረበት። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው ሠፈራ ፈቃደኝነትን መሠረት አድርጎ፣ ሠፋሪው በቀድሞ ቀዬው ያለውን የመሬት ይዞታ መብት ለሦስት ዓመት ይዞ እንዲቆይ ደንግጓል። ሆኖም ፈቃድ የሚመዘነው ፈቃጁ በሚያውቀው ነገር ልክ ነው። ከጉና ተራራ ግርጌ፣ ወባ ከማይደርስበት ብርድ አገር የተነሣ አባወራ መተማና ቋራ ምን እንደሚጠብቀው ካልተነገረው ፈቅዷል ማለት አይቻልም። ወባው ብቻ አይደለም፤ በሰሊጥ እርሻ ሊሠሩ ወደ መተማና ሑመራ የሚወርዱ ደገኞች ካላዛር ይዘው እንደሚመለሱ የታወቀ ነው። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ወረዳ የካላዛር ወረርሽኝ በተገኘ ጊዜ ብዙው ሰው ሕመሙን ወባ ነው ብሎ ያስብ ነበር።

ሰባ አባወራ እንዲመዘግብ የታዘዘ አንድ የወረዳ ሠራተኛ ይታሰብ። ስለ መሬቱ ስፋትና ለምነት ብቻ ቢናገር መዝገቡ በአንድ ቀን ይሞላል፤ እርሱም ይመሰገናል፣ ምናልባትም ዕድገት ያገኛል። ስለ ወባውና ስለ ካላዛሩ፣ በክረምት ስለሚቋረጠው መንገድ፣ ስለ ጤና ጣቢያው ርቀት ቢናገር አርባው ስማቸውን ያሠርዛሉ። በወሩ መጨረሻ ለበላዩ የሚልከው ቁጥር ያንሳል፣ ለምን እንዳነሰም ይጠየቃል፤ የተሠረዙት አርባዎቹም በሚቀጥለው ዓመት ዝናቡ ከቀረ ሊወቅሱት ይችላሉ። የቀሩት ሠላሳዎቹ ግን አጎበርና መድኃኒት የት እንደሚገኝ ጠይቀው፣ የደጋ መሬታቸውን ማን እንደሚያርሰው ከዘመድ ጋር ተስማምተው፣ ሽማግሌዎቻቸውን ለማን እንደሚተዉ መክረው ይሄዳሉ።