ለበዛብህ ማን ያልቅስለት?



የንግግሬ መነሻ ጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ ገበያ ጀርባ የነበረ አንድ የሸማኔዎች ግቢ ነው። ልጅ ሳለሁ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ በዚያ ግቢ የመወርወሪያው ድምፅ ጸጥ ይል ነበር። በዛብህ የሞተ ዕለት አክስቴ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አለቀሱ። እኛ ልጆቹ ሳቅን፤ ታላላቆቻችን ግን አልሳቁም።

ኮሊን ራድፎርድ የተባለ እንግሊዛዊ ፈላስፋ በ1975 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ስለ አና ካሬኒና ዕጣ የምናዝነው እንዴት ነው ሲል ጠይቆ ነበር። እንደ እርሱ አመለካከት ሰው ለሌላው የሚያዝነው መከራው በእርግጥ መድረሱን ሲያምን ነው። ያልነበረች ሴት እንዳልሞተች እያወቅን ማዘናችን ተፈጥሯዊ ቢሆንም እርስ በርሱ ይጣረሳል።

በእኛ ዘንድ ለዚህ የተለመደ መልስ አለ፤ ሰው በሰው ለቅሶ የሚያለቅሰው የራሱን ነው ይባላል። አልቃሿ ግጥሙን ታወርዳለች፣ ለቀስተኛው በዚያ ግጥም የገዛ ሟቹን ያስታውሳል። እኔም ለብዙ ዓመታት ይህንኑ አምኜ አስተምሬአለሁ። ማስረጃዬ አክስቴ ነበሩ። ልጃቸው በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ተገድሏል፤ በዚያ ዘመን ደግሞ እንደ እርሳቸው ያሉ ብዙ እናቶች በአደባባይ እንዳያለቅሱ ተከልክለው ነበር። እንግዲህ በበዛብህ አሳብበው ልጃቸውን አለቀሱ ብዬ ደመደምሁ። አንድ ቀን ይህንኑ ብነግራቸው ተቆጡ።

«የልጄንማ ሌሊት ሌሊት አልቅሼዋለሁ። ይኼ የበዛብህ ነው። ወገን በሌለበት አገር ሞቶ ማን ያልቅስለት?»

ወደ መጽሐፉ የመለሰኝ ይህ ቁጣ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት በዚህ ልብ ወለድ በዛብህ የስለት ልጅ ነው፤ ወላጆቹ ቀድመውት ሞተዋል። ቀማኞች መንገድ ላይ አቍስለውት በሰው አገር ሲያጣጥር ሰብለ ወንጌል ትደርሳለች፤ የምትደርሰው ግን ለስንብት ነው። በጎጃም ደንብ ደረት ሊደቁለት የሚገባቸው ዘመዶች በዚያ የሉም። ደራሲው ያንን ክፍት ቦታ ትተውልናል፤ አክስቴም እንደ ማንኛውም ለቅሶ ደራሽ ገብተው ተቀመጡበት።

ራድፎርድ ይህን ቢሰማ በዛብህ የሚባል ሰው ስለሌለ ለቅሶው የሚገባው አካልም የለም ይል ይሆናል። እውነት ነው፣ የለም። ነገር ግን አይተነው የማናውቀው የጎረቤት ወንድም ሲሞት ሄደን እናለቅሳለን፤ ሟቹን ታውቀዋለህ ወይ ብሎ በር ላይ የሚጠይቅ የለም። ሁለቱ ፍጹም አንድ ናቸው አልልም፤ የጎረቤቴ ወንድም ቢያንስ መቃብር አለው። ልዩነቱ ግን ራድፎርድ ያሰበውን ያህል ሰፊ አይመስለኝም።

ይህ አስተሳሰቤ የማይፈታው ነገር አለ። ከመጽሐፉ ሰዎች ሁሉ በሐሳብ የምስማማው ከጉዱ ካሳ ጋር ነው፤ ሲሞት ግን አላለቀስሁም። ምናልባት በሕይወቱ ሳለ ብዙ ስለተከራከረልን ሞቱንም እንደ ክርክር አነበብሁት ይሆናል። እዚህ ካላችሁት መካከል ለእርሱ ያለቀሰ ካለ በጥያቄው ሰዓት ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

ትረካው ከዓመታት በኋላ ዳግም ሲተላለፍ አክስቴ ፍጻሜውን እያወቁ ሬዲዮውን ከፈቱ። በዚህ ጊዜ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁት ገና በዛብህ ጉዞውን ሲጀምር ነበር።