የሰበካ ሱቅ በድረ ገጽ፦ መሠረቱን ከመምረጣችን በፊት
በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ ለሚገኙ የሰበካ ጉባኤ አባላትና ካህናት በተዘጋጀ የምክክር መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ ገርጂ ጊዮርጊስ፣ ከሲኤምሲ ቅዱስ ሚካኤል እስከ አያትና ጎሮ ባሉት አጥቢያዎች በምንመላለስበት ጊዜ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይቀርብልናል። «የንዋያተ ቅድሳት መሸጫችንንና የእናቶችን የእጅ ሥራ በድረ ገጽ ለመሸጥ እንፈልጋለን፤ የትኛውን ፕላትፎርም እንምረጥ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ምእመናን ከመሀል ከተማ ወደ ኮንዶሚኒየም መንደሮች ከሄዱ ወዲህ ከቀድሞ ደብራቸው ርቀዋል። በውጭ ሀገር ያሉትም ጧፍና ዕጣን፣ ነጠላና መጽሐፍ በሀገር ቤት ላሉ ወላጆቻቸው እንዲደርስላቸው ይሻሉ። ኢትዮጊፍትን የመሰሉ ድረ ገጾች በባሕር ማዶ ያሉ ልጆች ለቤተሰቦቻቸው የበዓል በግ ሳይቀር እንዲያዝዙ በማድረግ መንገዱን ከእኛ ቀድመው አሳይተዋል።

ሆኖም ስለ ምርጫው ከመናገራችን በፊት በአንድ አጥቢያ የደረሰውን ልንነግራችሁ ይገባል። የአጥቢያውን ስም አንጠራም፤ ከጥፋቱም ድርሻ አለንና። ወጣቶቹ ያማረ ድረ ገጽ ሠርተው ምክር ሲጠይቁን እኛ የተመለከትነው መልኩን ነበር። ስሙ በማን እንደተመዘገበ፣ የዓመቱን ክፍያ ማን እንደሚከፍል አልጠየቅንም። ድረ ገጹ የተመዘገበው በአንድ አገልጋይ ወጣት የግል ኢሜይል ሲሆን፣ ክፍያውም በውጭ በሚኖር ዘመዱ ካርድ ይፈጸም ነበር። ወጣቱ ለትምህርት ከሀገር ወጣ፤ የዘመዱም ካርድ ጊዜው አለፈ፤ ሱቁም ተዘጋ። በዚያው ሳምንት አንዲት እናት ከባሕር ማዶ ለእናታቸው ዐርባ የሚሆን ጧፍ፣ ዕጣንና ነጠላ አዝዘው ገንዘቡን ልከው ነበር። ትእዛዙን ያየው ሰው አልነበረም። ገንዘባቸው ከብዙ ድካም በኋላ ተመለሰላቸው፤ የዐርባው ቀን ግን አልተመለሰም። ነጠላውን የፈተሉትና የጠለፉት እናቶችም እስከ ዛሬ ስለ ድረ ገጽ ሲነሣ ፊታቸውን ያዞራሉ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «የትኛው ያምራል?» ሳይሆን «ቁልፉ በማን እጅ ነው?» የሚለው ነው። የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ቁልፍ በአንድ ሰው ኪስ ብቻ አይቀመጥም፤ የሚረከብ፣ የሚያስረክብና የሚመሰክር አለው። የድረ ገጹም ስም፣ የይለፍ ቃሉና የባንክ ሒሳቡ በሰበካ ጉባኤው ስም ሆነው በቃለ ጉባኤ ሊመዘገቡና ኃላፊ በተለወጠ ቁጥር በርክክብ ሊተላለፉ ይገባል። በዶት ኢቲ የሚያልቅ የሀገራችን አድራሻ ከኢትዮ ቴሌኮም በብር ስለሚገኝ የውጭ ምንዛሬ ፍለጋን ያስቀራል።

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ። በፊታችን ያሉት መንገዶች ሦስት ናቸው።

አንደኛው በወርሃዊ ኪራይ የሚገኘው ነው። ታዋቂው ሾፒፋይ በ2006 እ.ኤ.አ. በካናዳ ተመሠረተ። ሁሉን አዘጋጅቶ ያቀርባል፤ ጥገናና ጥበቃውም የእርሱ ነው። ነገር ግን ኪራዩ በዶላር የሚከፈል ነው። የራሱ የክፍያ አገልግሎት በኢትዮጵያ አይሠራም፤ በሌላ የክፍያ መንገድ ለሚጠቀም ሱቅ ደግሞ በየሽያጩ ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቃል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ በዶላር የሚከፈል ኪራይ በብር ሲሰላ ምን ያህል እንደከበደ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በወር ጥቂት ጧፍ ለሚሸጥ አጥቢያ ይህ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ሁለተኛው በዎርድፕሬስ ላይ የሚገጠመው ዉኮሜርስ ነው፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ወጣ። ፕሮግራሙ በነጻ ይገኛል፤ መረጃውንም ይዞ ከአንዱ ማኖሪያ ወደ ሌላው መሄድ ይቻላል። እንደ ቻፓ ያሉ የሀገር ውስጥ የክፍያ አገናኞች በቀጥታ የሚገጠሙለት መሆኑ ለእኛ ትልቅ ጥቅም ነው። ግን ነጻ ማለት ያለ ወጪ ማለት አይደለም። የማኖሪያ ኪራይ አለው፤ በየጊዜው ካልታደሰም ለሌባ በር ይከፍታል። ስለዚህ በየወሩ የሚያድስና ቅጂ የሚያስቀምጥ ቢያንስ ሁለት የሠለጠኑ ሰዎች ያስፈልጉታል።

ሦስተኛው ትሑቱ መንገድ ነው፦ የቴሌግራም ቻናል፣ በአጥቢያው ስም የተከፈተ የቴሌብር ወይም የባንክ ሒሳብ፣ አንድ የትእዛዝ መዝገብ። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በስልክ መክፈል ለአረጋውያን እናቶቻችን እንኳ እንግዳ አይደለም። የዚህ መንገድ ድካም ሒሳቡን በእጅ ማስታረቅ ነው። ደንበኛው የላከውን የደረሰኝ ምስል ብቻ አይቶ ዕቃ መስጠት አይገባም፤ ምስል ይፈበረካልና። ገንዘቡ ወደ ሒሳቡ መግባቱን በግብይት ቁጥሩ ማረጋገጥ ግድ ነው።

የትኛውንም ብንመርጥ ሁለት ነገሮችን በቅድሚያ እንፈትን። ፊተኛው የውጭ ክፍያ ነው። ፔይፓል በሀገራችን ገንዘብ ለመቀበል አያገለግልም፤ ከውጭ ካርድ ስለመቀበል ባንካችንንና የክፍያ አገናኙን በጽሑፍ ጠይቀን መልሱን በጽሑፍ እንያዝ። ሁለተኛው አድራሻ ነው። በውጭ የተሠሩት ቅጾች የመንገድ ስምና የፖስታ ኮድ ይጠይቃሉ፤ የእኛ ሰው ግን «ከጎሮ አደባባይ አለፍ ብሎ፣ ከፋርማሲው ጀርባ» ይላል። የስልክ ቁጥርን፣ የሰፈር ምልክትንና የብሎክ ቁጥርን የማይቀበል ቅጽ ዕቃውን በመንገድ ያስቀረዋል።

ሕጉንም አንዘንጋ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 እና የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥተዋል። የገዢውን ስም፣ ስልክና አድራሻ የተቀበለ ሰበካ ጉባኤ አደራ ተቀብሏል። ያን ዝርዝር ለሌላ ማስታወቂያ አሳልፎ መስጠት አደራ መብላት ነው። ስለ ንግድ ፈቃድ፣ ስለ ግብርና ስለ ደረሰኝ ከሀገረ ስብከቱ ጋር አስቀድሞ መመካከርም ይገባል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ የማይሸጠውን እንለይ። ጌታችን በቤተ መቅደስ የለዋጮችን ገበታ ገለበጠ፤ ሲሞን መሠርይም የመንፈስ ቅዱስን ስጦታ በገንዘብ ሊገዛ ሽቶ በሐዋርያው ተገሠጸ። ጠበል፣ ጸሎት፣ ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያን ዋጋ ተለጥፎባቸው በሱቅ ገጽ ላይ አይወጡም። የሙዳየ ምጽዋት ገንዘብና የሱቅ ሽያጭም በአንድ ሒሳብ አይደባለቁ። ዛሬ በቤተ ክርስቲያን ስም ሐሰተኛ ገጽ ከፍተው የሚለምኑ በበዙበት ጊዜ፣ እውነተኛው ገጻችን የትኛው እንደሆነ በዐውደ ምሕረት በየጊዜው ማሳወቅ የካህናቱ ድርሻ ነው።

እንግዲህ ምክራችን ይህ ነው። አብዛኞቹ አጥቢያዎች በሦስተኛው መንገድ፣ ከ10 በማይበልጡ የዕቃ ዓይነቶች ይጀምሩ። ከአንድ ፋሲካ እስከ ሌላው ፋሲካ መዝገቡን ይያዙ፤ ስንት እንደታዘዘ፣ ስንቱ በቀኑ እንደደረሰ ይቍጠሩ። መዝገቡ ሥራው ከእጅ በላይ መሆኑን ሲመሰክር ወደ ዉኮሜርስ ይሻገሩ፤ አቅም ያነሳቸው አጎራባች አጥቢያዎችም አንድ ማኖሪያና አንድ ባለሙያ በጋራ ይያዙ። ግንብ ሊሠራ የሚሻ ሰው አስቀድሞ ወጪውን እንዲያሰላ በወንጌል የተማርነው ለዚህም ይሠራል።

ያ የተዘጋው ሱቅ ያለበት አጥቢያ ዛሬ በአንድ የቴሌግራም ቻናልና በአንድ ደብተር እንደገና ጀምሯል። ቁልፉ በሦስት ሰዎች እጅ ነው። ከእናቶቹ መካከልም ሁለቱ ነጠላቸውን ማምጣት ጀምረዋል። የቀሩትን የሚመልሳቸው ያማረ ገጽ ሳይሆን በቀኑ የደረሰ ዕቃና በቀኑ የተከፈለ ዋጋ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።