ለእስፓንኛ ተናጋሪዎች የእንግሊዝኛ ሰዋስው ከየት ይጀመር?

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የመረጥነው ጉዳይ ለብዙዎቻችሁ ሩቅ መስሎ ሊታይ ይችላል። በሜክሲኮ፣ በኮሎምቢያ ወይም በእስፓንያ ያለ ተማሪ እንግሊዝኛ ሲማር ምን ያስቸግረዋል ብለን ስንጠይቅ፣ «እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ዳሩ ግን እኛም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችንን የተከታተልነው በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ፣ የእነርሱን ችግር መመርመር የራሳችንን ችግር ለማወቅ ይረዳናል።

የምናቀርበው ሐሳብ አንድ ነው፤ ይኸውም የጀማሪ ስሕተት ብዙውን ጊዜ የስንፍና ምልክት ሳይሆን፣ የእናቱን ቋንቋ ሕግ በታማኝነት ከመጠበቅ የሚመጣ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው የሰዋስው ትምህርት ሁለቱ ቋንቋዎች ከሚለያዩበት ቦታ መጀመር አለበት እንላለን።

ምሳሌ እንስጥ። እስፓንኛ እንደ አማርኛ ሁሉ ባለቤቱን በግሡ ውስጥ ያሳድራል። እኛ «ይዘንባል» ብለን በአንድ ቃል እንደምንጨርሰው፣ እነርሱም «ዩዌቤ» ብለው ይጨርሳሉ። እንግሊዝኛ ግን እንዲህ ያለውን ዓረፍተ ነገር ያለ ባለቤት አይቀበልም፤ የሚያዘንበው ማን እንደ ሆነ ባይነገርም «ኢት» የሚለውን ቃል ከፊት ያቆማል። ተማሪው «ኢዝ ሬይኒንግ» ቢል በራሱ ቋንቋ ሚዛን የጎደለ ነገር የለም። መምህሩ ከመቆጣቱ በፊት፣ «ኢት» እዚህ ላይ ቦታ ለመሙላት ብቻ የቆመ ቃል መሆኑን ቢያስረዳው፣ ተማሪው የማይገኝ ትርጉም ፍለጋ አይደክምም ነበር።

ሁለተኛው የቅጽል ነገር ነው። «ነጭ ቤቶች» ለማለት እስፓንኛ «ካሳስ ብላንካስ» ይላል። ስሙ ይቀድማል፣ ቅጽሉ ይከተላል፤ ቅጽሉም በፆታና በቁጥር ከስሙ ጋር ይስማማል። በእንግሊዝኛ ግን ቅጽሉ እንደ እኛ ከስሙ ይቀድማል፤ ስሙ ቢበዛም ቅጽሉ አይበዛም። እንግዲህ «ሃውስስ ዋይትስ» የሚል ተማሪ ከተፈለገው በላይ ሠራ እንጂ አልሰነፈም። ለእርሱ የሚነገረው የምሥራች ነው፦ «ይህ ሸክም እዚህ የለም፤ አውርደው» ማለት ይበቃል።

ሦስተኛው፣ እስፓንኛ ዕድሜንም ረኀብንም እንደ ንብረት ይቈጥራል። ሃያ ዓመት የሞላው ሰው «ቴንጎ ቤይንቴ አኞስ»፣ ማለት ሃያ ዓመታት አሉኝ፣ ይላል። እንግሊዝኛ በዚህ ቦታ «አይ አም» ሲል፣ ጀማሪው «አይ ሃቭ» ይላል። አማርኛ ደግሞ «ራበኝ» ብሎ ረኀብን በሰው ላይ የሚመጣ ነገር ያደርገዋል። ሦስት ቋንቋዎች በሦስት መንገድ አንዱን ረኀብ ይናገራሉ፤ ከሦስቱ የትኛው ነው ሞኙ?

አራተኛው አሉታና ጥያቄ ነው። በእስፓንኛ «ኖ» የሚለውን ከግሡ ፊት ማስቀደም ለአሉታ ይበቃል፤ ለጥያቄም ብዙ ጊዜ ድምፅን ማንሣት ይበቃል። «ዱ» የሚባለው የእንግሊዝኛ ረዳት ግሥ አቻ የለውም፤ «አይ ኖ ስፒክ» የሚለው ስሕተት ከዚህ ይመነጫል። ደግሞም እስፓንኛ «ኖ ቤዮ ናዳ» ብሎ አሉታን ይደግማል፤ እኛም «ምንም አላይም» ስንል «ምንም» እና አሉታው ግሥ አብረው ይሄዳሉ። በትምህርት ቤት የሚሰጠው እንግሊዝኛ ግን አንድ አሉታ ብቻ ይፈቅዳል።

በቃላትም በኩል ወጥመድ አለ። ያፈረች ሴት የእንግሊዝኛውን «ኤምባራስድ» አስባ በእስፓንኛ «ኤምባራሳዳ» ነኝ ብትል፣ ነፍሰ ጡር ነኝ ማለቷ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ቃል በጊዜው መንገር የመምህር ደግነት ነው።

ይህን የማነጻጸር ዘዴ በሰፊው ካስታወቁት ሊቃውንት አንዱ ሮበርት ላዶ ናቸው። ከእስፓንያ ከመጡ ወላጆች በአሜሪካ ተወልደው በእስፓንያ ያደጉ ሰው ስለ ነበሩ፣ ችግሩን በራሳቸው አንደበት ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ መምህሩ የተማሪውን ቋንቋ ከሚያስተምረው ቋንቋ ጋር ቢያነጻጽር የሚያስቸግረውን አስቀድሞ ሊያውቅ እንደሚችል አስረዱ።

ነገር ግን ሁሉንም ስሕተት በእናት ቋንቋ ላይ ማላከክ አይገባም። በእስፓንኛ ግሥ ለየመደቡ መድረሻውን ይለውጣል፤ ሆኖም ይህን ሁሉ የለመደው ተማሪ፣ በእንግሊዝኛ የአሁን ጊዜ ለ«ሂ» እና ለ«ሺ» የምትጨመረውን አንዲት «ኤስ» ይረሳል። ደግሞ «ዌንት» በማለት ፈንታ «ጎውድ» ይላል፤ ይህንንማ የእንግሊዝ ሕፃናትም ይሉታል። ፒት ኮርደር የተባሉት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1967 እንዳመለከቱት፣ ስሕተት ተማሪው ሕጉን ራሱ እየፈለገ መሆኑን ያሳያል። ስለዚህ መምህር ማነጻጸር ብቻ ሳይሆን ማዳመጥም አለበት።

ነገሩ የክፍል ውስጥ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ፖርቶ ሪኮ እ.ኤ.አ. በ1898 ከእስፓንያ ወደ አሜሪካ እጅ ከገባች በኋላ፣ እንግሊዝኛን የማስተማሪያ ቋንቋ ለማድረግ ለብዙ ዓመታት በየጊዜው ልዩ ልዩ መመሪያ ወጣ። በቤቱ እስፓንኛ የሚናገር ሕፃን ገና ባልጨበጠው ቋንቋ ሌላ ትምህርት እንዲቀበል ተጠየቀ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1949 እስፓንኛ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች የማስተማሪያ ቋንቋ ሆነ፤ እንግሊዝኛም እንደ አንድ ትምህርት ይሰጥ ጀመር። የልጁን ቋንቋ እንደ ሌለ ቈጥሮ ማስተማር አልቀናም ማለት ነው።

ጓደኞቻችን፤ ከመካከላችን ነገ መምህር የሚሆኑ ብዙዎች ናቸው። የምንመክረው ሦስት ነገር ነው፦ የተማሪውን ቋንቋ ቢያንስ አጥንቱን እንወቅ፤ ስሕተቱን ከማረማችን በፊት ከየት እንደ መጣ እንጠይቅ፤ በስሕተቱ አንሣቅ፣ ሌላውም እንዲሥቅ አንፍቀድ። የተሣቀበት ልጅ አፉን ይዘጋል፤ አፉን የዘጋ ደግሞ ቋንቋ አይማርም።

ጥያቄም ተቃውሞም ያለው እንዲናገር መድረኩን እንለቃለን።